ያልተሸጠችው ማንጎ

አጓ ቁጡ ሴት ናት፤ ቶሎ ትነድዳለች፣ ቶሎም ትበርዳለች። ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ወንዝ አጠገብ ባለው ግቢዋ ሦስት የማንጎ ዛፎች አሏት። ጠዋት ጠዋት አንድ ክሊኒክ ታጸዳለች፤ ማንጎ ሲደርስ ደግሞ የሁለቱን ዛፎች ፍሬ እዛፉ ላይ እንዳለ ለነጋዴ ትሸጣለች። ሦስተኛዋን አትሸጥም። የእሷ ፍሬ የኛኬር ነው።

ኛኬር ከአጥሩ ማዶ የምትኖር ጎረቤቷ ናት። አጓ አኙዋ፣ ኛኬር ኑዌር፤ የሚግባቡት በአማርኛ ነው፣ ያውም ሁለቱም እንደየአመላቸው በሚሰባብሩት አማርኛ። ከዓመታት በፊት ከተማው በታመሰበት ሰሞን፣ ኛኬር አጓንና ጨቅላ ልጇን ኦጁሉን ጓዳዋ ደብቃ፣ ሊገድላቸው የመጣውን ሁሉ «ከእኔ በቀር ሰው የለም» እያለች መልሳለች። ያ ጨቅላ ዛሬ እናቱን በቁመት በልጧታል። አጓም ለውለታዋ የሦስተኛዋን ዛፍ ፍሬ ሰጠቻት፤ ከዚያ ወዲህ ኛኬር የዛፏን ፍሬ መንገድ ዳር ሸጣ ለልጅ ልጆቿ ደብተር ትገዛበታለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ለእነዚህ ሁለት ሴቶች ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ የመጣው ገዢ ዓሊ የሚባል የመቲ ከተማ ነጋዴ ነበር። ሁለቱን ዛፎች ተስማምቶ ገዛ፤ እንደ ነጋዴ ወግ የተሸጡ ለመሆናቸው ምልክት ግንዳቸው ላይ ገመድ አሰረና ለቃሚ ሊፈልግ ሄደ። አጓ ግን ልቧ አላረፈም። የኛኬርን ዛፍ እንዳይነኩባት ብላ ከአሮጌ ቀይ ቀሚሷ ቀድዳ ግንዱ ላይ አሰረች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው! ለቃሚዎቹ እሷ ሥራ ላይ ሳለች መጡ፤ ዓሊ ደግሞ የታሰረባቸውን ልቀሙ ብቻ ነበር ያላቸው።

ስትመለስ ሦስተኛዋ ዛፍ ቅጠል ብቻ ቀርቷታል። ወይ ጉድ! አጓን ያንገበገባት ማንጎው አልነበረም። ኛኬር «ከሞት አትርፌያት፣ ለነጋዴ ሸጠችብኝ» ብትልስ?

ባጃጅ ይዛ ከነፈች፤ ገበያው ዳር ዓሊ ማንጎውን አይሱዙ መኪና ላይ ሲያስጭን ደረሰችበት። አጓ ስትናደድ አማርኛዋ ይጠፋታል፤ ሌባ ካለችው በኋላ የቀረውን በራሷ ቋንቋ አወረደችበት። ዓሊም ቱግ አለ። የታሰረ ዛፍ የተሸጠ ዛፍ መሆኑን አገር ያውቃል አለ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ለቃሚዎቹ ተጠየቁ፤ ቀዩ ጨርቅ ሲነሳ አጓ አፏን ያዘች። ለካ ራሷም አለችበት! ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ፣ ዋጋ ጨምር አልልህም። መጥተህ ለኛኬር በአፍህ ንገራት። አጓ አልሸጠችም በላት።»

ዓሊ የመቲን መንገድ አየ፣ አጓን አየ፤ ከዚያ ሾፌሩን ወደ ኋላ እንዲመለስ አዘዘው። እግዜር ይስጠውና እንዲህ ያለም ነጋዴ አለ።

ኛኬር አጥሩ ሥር ልብስ ታጥባለች። ዓሊ የእሷን ድርሻ ጆንያ እያስወረደ የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ ይቅርታም ጠየቀ። አጓ ከኋላው አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ኛኬር ሰምታ ስትጨርስ፣ ለቃሚዎቹን ሲለቅሙ እንዳየቻቸው፣ ፀሐይ ስለበረታባቸውም ውሃ እንዳጠጣቻቸው ተናገረች። አጓ ደንግጣ፣ እያየሽ ለምን ዝም አልሽ ብላ ጠየቀቻት።

«አጓ ቸግሯታል አልኩ» አለች ኛኬር። «ዛፉ ያንቺ ነው፣ ብትሸጪ አልቀየምም። እኔን ያሳዘነኝ፣ ሲቸግርሽ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም ብዬ ነው።»

አጓ እንዳትጠረጠር ስትባክን የዋለችው፣ ለካ ጭራሽ በክህደት ላልጠረጠራት ሰው ኖሯል። ተመስገን አለች፤ ጆንያው ላይ ተቀምጣም አለቀሰች።