ከሜዳ ያስወጣኝ ዌልሳዊ
ከሥራ ያባረረኝን ሰው አመስግኜ አላውቅም። ከኳስ ሜዳ ያስወጣኝን ሰውዬ ግን እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። አርባን ተሻግሬያለሁ፤ በሳምንቱ ቀናት ታክሲ እነዳለሁ፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ ከፒዮሪያ ስትሪት ፈንጠር ብሎ ባለ ሜዳ ላይ የሐበሻ ቡድናችን አምበልና አጥቂ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላውን መኪና ውስጥ ጥሎ ታኬታውን የሚያስረው ብዙ ነበር። ቡድኑን የመሠረትነው እኔና እኩዮቼ ነን። እነሱ ጉልበቴን፣ ወገቤን እያሉ አንድ በአንድ ሲተዉት እኔ ብቻ ዘለቅሁ። የተረፉት ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይሉኛል። በየዓመቱ ጁላይ ላይ ከየስቴቱ የሐበሻ ቡድኖች የሚገናኙበት ውድድር አለ። አሥራ አንዱን ወር የምኖረው ለዚያች ሳምንት ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ዌልሳዊው መጀመሪያ የመጣው ውሻውን ሊያናፍስ ነው። ስድሳን ያለፈ፣ ፊቱ የቀላ፣ ግራ እግሩን ጎተት የሚያደርግ ሰው። ሴት ልጁ ዴንቨር አግብታ እሷን ተከትሎ ነው አሜሪካ የገባው። ለጥቂት እሑዶች ዝም ብሎ ሲያየን ቆየና አንድ ቀን ከዳር ሆኖ ተከላካዮቻችንን ይቆጣ ጀመር። ቀርበን ስንጠይቀው አገሩ ላይ በኳስ እንጀራውን የበላ ተጫዋች፣ ኋላም አሰልጣኝ ነበር። ትልቅ ክለብ አልነበረም፤ ራሱ «ስሙን ብነግርህ አታውቀውም፣ የሚያውቁት ደግሞ ይስቁብኛል» ይል ነበር። አሠልጥነን ብለን ለመንነው፤ እሺ አለን።

አንድ እሑድ ልምምዱን አቋረጠና ወደ ዳር ጠራኝ።

«እነዚህ ልጆች ሁልጊዜ ላንተ የሚያቀብሉት ለምንድነው?»

ጎበዝ ስለሆንኩ ነው ልለው ከጅሎኝ ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀጠለ። «ሁለት ሰው ይዞህም ላንተ ነው። ጎሉ ባዶ ሆኖ እያዩም ላንተ ነው።»

እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ገበታ ሲቀርብ ቅድሚያ ለታላቅ ነው። ልጆቹም ኳሷን እንደዚያው ለታላቃቸው ያቀርቡ ነበር፤ እኔን አልፎ መምታት ነውር መስሏቸዋል። እኔም የሚገባኝ ነው ብዬ ስቀበል ኖሬአለሁ። ነገሩን ሳስረዳው ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም።

ከልምምድ በኋላ ወደ ሴት ልጁ ቤት ሳደርሰው ስለ ራሱ አጫወተኝ። ክለቡ ሲቸገር ተጫዋችም አሰልጣኝም አድርጎት ነበር። «አሰላለፉን የማወጣው እኔ ነኝ። ጉልበቴ እያለቀ በየሳምንቱ ራሴን አሰልፍ ነበር» አለኝ። «ማን ደፍሮ ይናገረኛል? ወደ ታችኛው ሊግ ወረድን፤ እኔም ተባረርኩ።» ከዚያ «ጁላይ ላይ አትጫወትም። ከጎኔ ቆመህ ቡድኑን ትመራለህ» አለ።

ደሜ ፈላ። በር ላይ አውርጄው ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ያለው ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን እየተሳደብኩ ነዳሁ። ገና ከትናንት ወዲያ የመጣ ሰውዬ እኔ ካቆምኩት ቡድን ሊያስወጣኝ። ለባለቤቴ ስነግራት ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ የጉልበት ነገር ከኔ የተሻለ ይገባታል።

«ሰኞ ጠዋት ካልሲህን የማጠልቅልህ እኔ ነኝ» አለችኝ። «እኔን ብትጠይቀኝ ካቻምና ነበር የማስወጣህ።»

አኮረፍኩ። የሚቀጥለውን ልምምድ ቀረሁ። ከዚያ ቤት መቀመጡ ከኩርፊያውም ባሰብኝና ተመለስኩ። ዌልሳዊው የተቀያሪዎቹን ማሊያ ሰጠኝና እንዳድል አዘዘኝ።

የውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ዳር ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እኔ ቦታ ላይ የገባው ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። ያለ ጎል ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ ሊያልቅ ሲል ኳሷ ሳጥኑ ጫፍ ላይ እግሩ ስር ገባች። ቀና ብሎ ግራ ቀኙን አየ፤ ሰው የሚፈልግ ይመስል ነበር። አጣ። ከዚያ መታት፤ ገባች።

ጓደኞቹ ሊያቅፉት ሲሯሯጡ እሱ አምልጧቸው ወደኔ መጣ። ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ ይቅርታ» አለኝ። «እርስዎ ገብተው ቢሆን ኖሮ ለእርስዎ ነበር ፓስ የማደርገው።»

ከልቡ ነው የሚለው። እንደዚያ ቢያደርግ ኖሮ ያቺ ኳስ እኔ እግር ላይ ቀርታ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የተከበርኩበትም፣ እንደዚያ ያፈርኩበትም ቅጽበት የለም። ላብ ያጠመቀውን ግንባሩን ሳምኩትና «ሂድ፣ ጨዋታው አላለቀም» አልኩት።

ዌልሳዊው ምን እንዳለኝ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል እስኪሆንበት ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ ትከሻዬን ያዘና «እንኳንም ሜዳ አልገባህ» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት፣ በአማርኛ። በእንግሊዝኛ ልለው ብሞክር እንባዬ ይቀድመኝ ነበር።