የአቶ በየነ ዕጣ

አንድ ሰው ደጋግሞ ሲቀናው አይተው "ይሄ ነገር አለበት" ብለው ያውቃሉ? እኔ ትናንት ከማስተምርበት ስመለስ በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ የተዘረጋ ጥሬ ሥጋ ሸተተኝና የልጅነቴ ሰፈር የካ ትዝ አለኝ።

አምስት ቤተሰብ ሆነን ለበዓል ቅርጫ እንገባ ነበር። በሬው በአምስት መደብ ይከፈላል፤ ሻኛው ግን ሳይቆረጥ በአንዱ መደብ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ጠጠር ወይም ቁልፍ ለዕጣ ይሰጣል፤ ዕጣው ያረፈበት መደብ የዚያ ቤት ይሆናል። በሁለት በዓላት ተከታትሎ ሻኛው ለጎረቤታችን ለአቶ በየነ ወጣ።

በፋሲካ እናቴ "ዛሬ ዕጣውን የማያውቀን ሰው ይጣል። አሁንም ለእሳቸው ከወጣ ከዚህ ቅርጫ ወጥተናል" አለች። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ተለመነችና ሸክሟን አውርዳ ዕጣውን ጣለች። የአቶ በየነ ቁልፍ ሻኛው ያለበት መደብ ላይ አረፈ።

"እንግዲህ ዘነቡ፣ ይህችንም ዘመድዎ ናት በይኝ" አሉ አቶ በየነ እየሳቁ።

"ሳትሆን አትቀርም" አለች እናቴ፣ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራሷ እያየች።

አባቴ "ዕጣ እኮ ትናንት ለማን እንደወጣ አያስታውስም" ቢላትም አልሰማችውም። ከዚያ ወዲህ ከእነ አቶ በየነ ጋር ቅርጫ አልገባንም፤ ሰላምታውም ቀዘቀዘ።

የአባቴ ነገር የገባኝ አስተማሪ ስሆን ነው። ከአምስት ዕጣ አንዱ የአቶ በየነ ነውና ዕድላቸው በየበዓሉ ከአምስት አንድ ነው፤ ያለፈው አይጨምርላቸውም፣ አይቀንስባቸውም። ሦስቴ መደጋገሙ ብርቅ ነው፤ ብርቅ መሆኑ ብቻውን ግን ተንኮል አያሰኝም። ይህን ባስረዳት እናቴ ዛሬም "እስቲ ይሁን" ብላ ፊቷን ታዞራለች።

እርስዎም ሳንቲም ይወርውሩ። አንበሳው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲወጣ ቆም ይበሉና የሚቀጥለውን ይገምቱ፤ በእናቴ የሚፈርዱት ከዚያ በኋላ ይሁን።