የሻርፕ ጎሳ

አንድ ሰው ብቻ የነገረኝን ነገር ዜና ብዬ አላወራም። ለአዲስ ሪፖርተሮች ሁሉ ይህን ስሰብክ ኖሬያለሁ። ሽማግሌ ልልክ በተዘጋጀሁበት ሳምንት ግን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ፣ ባለ መስመር ጉርድ ቀሚስ የለበሰ ስኮትላንዳዊ የውሃ መሐንዲስ አገኘሁ። በአገሩ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ቀለምና መስመር እንዳለው፣ ጨርቁን አይቶ የማን ወገን እንደሆነ መለየት እንደሚቻል ነገረኝ። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ሌላ ሰው ሳልጠይቅ በሬዲዮ አቀረብኩት። «ጨርቃቸው መታወቂያቸው ነው» የምትል ዓረፍተ ነገርም ከራሴ ጨመርኩ። በጣም ወድጃት ነበር።

እሑድ ሽማግሌዎቼ የልጅቷ ቤተሰቦች ወዳሉበት ደጋ፣ ወደ ጨንቻ ወጡ። በደንቡ ሚስት ፈላጊው አብሮ አይሄድም፤ እኔ ግን መኪና የሚነዳ ስለጠፋ ሄድኩ። እቅዴ መኪና ውስጥ በክብር መጠበቅ ነበር። ብዙም ሳልቆይ ብርዱ ጥርሴን ያንገጫግጨው ጀመር፤ የልጅቷ አባት በመስኮት አይተውኝ ኖሮ «ሾፌሩም ይግባና ይሙቅ» ብለው አስጠሩኝ።

አንገቴ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሜያለሁ፦ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር የተጣለበት፣ ከስኮትላንድ ወደ ልባሽ ጨርቅ ገበያ የወረደ። ከሩቅ የጋሞ ሸማኔዎች የሚሠሩትን ባለ መስመር ጨርቅ፣ ዱንጉዛን ይመስላል። አባትየው ራሳቸው በሽማግሌ ወግ ዱንጉዛቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ደስ እንደሚላቸው አልተጠራጠርኩም።

«ድምፅህን አውቀዋለሁ። የፈረንጆቹን ጨርቅ ያወራኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።» ሽማግሌዎቼ ልጁ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው ብለው ነበርና ሾፌርነቴ እዚያው ላይ አበቃ።

ማንም ሳይጠይቀኝ ሻርፔን ዘርግቼ፣ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ለሸማኔ አገር ሰዎች ስለ ሽመና አስረዳሁ። አጎቷ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲሰማኝ ቆየና፣

«ታዲያ አንድ ዓይነት የለበሱ ሁለት ሰዎች ቢገናኙ?» አለኝ።

«ወንድማማች ናቸው ማለት ነው» አልኩ፣ በዜና ድምፄ።

አጎትየው ወደ ጥግ አመለከተ። እዚያ ታላቅ ወንድሟ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ያለው የእኔው ሻርፕ ነው፤ ያው ቀለም፣ ያው መስመር። በጋሞ ደግሞ የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም።

«እንግዲህ ሽማግሌዎች፣ ልጃችንን ለወንድሟ ነው የለመናችሁን!» አለ አጎትየው።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አባትየው አልሳቁም።

«ማረሚያ አለኝ፤ መረጃው ከአንድ ሰው ብቻ የተገኘ ነው» አልኩ። ብዙዎቹ መስመሮች የጎሳ ስም የወጣላቸው ቆይቶ፣ በጨርቅ ፋብሪካና በነጋዴ እጅ መሆኑን ያነበብኩት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ባውቀው ኖሮ እንዴት በጠቀመኝ።

«እሱን ተወው» አሉ አባትየው። «ሻርፑን ከየት አመጣኸው?»

ይኼ ቀልድ አልነበረም። ሻርፑን የሰጠችኝ ልጃቸው ናት፤ አርባ ምንጭ መምህርት ነበረች። ሽማግሌዎቼ ደግሞ «ከሩቅ አይቷት ነው» እንዲሉ ተስማምተን ነው የወጣነው፤ ብለዋልም። እውነቱን ብናገር እነሱ ውሸታሞች፣ እሷ ደግሞ መዋረዷ ነው። ልጅቷን ላጣት ነው ብዬ አላበኝ።

«ምንጬን መግለጽ አልችልም» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አርባ ምንጭ ተቀምጠህ አንዱን መናገር ከበደህ?» አለ አጎትየው።

ይኼኔ ከጓዳ የእሷ ድምፅ መጣ፦

«እኔ ነኝ የገዛሁት! የወንድሜንም የእሱንም! ሲቀላ ገበያ ከአንድ ቦንዳ ነው የወጡት! ጎሳ የለበትም!»

ወንድሟ የኮቱን ኮሌታ ቀስ ብሎ ሻርፑ ላይ ከፍ አደረገ። አባትየው ወደ ሽማግሌዎቼ ዞሩ።

«ከሩቅ ነው ያያት አላችሁኝ?»

ከሽማግሌዎቼ ዋናው ጫማውን ይመረምር ጀመር።

«እሺ» አሉ አባትየው፣ ረጋ ብለው። «እሷም ከሩቅ ሆና ነው አንገቱን ያለበሰችው፤ ጥሩ ዓይን አላት። እንዳይበርደው ካሰበችለት እኔ ምን እላለሁ? ቀኑን እንነጋገር።» ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንተ ግን ውጣ፤ ይህን ሙሽራ አይሰማውም።»

ተረጋግቼ፣ ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው፣ መሪው ከፊቴ ሳይሆን በስተግራዬ፣ በሾፌሩ ወንበር በኩል መሆኑን ያስተዋልኩት።