ከድሬሰር በድሩ ጋር ያልሮጥኩት ሩጫ

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ፤ መሳቅ ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ። ዛሬ ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ብርድ ልብሴ ውስጥ ነበርኩ። የደወለው የበድሩ ስልክ ነው። ገና ሃሎ ሳልባል «ወጥቻለሁ፣ ወጥቻለሁ! እየሮጥኩ ነው!» አልኩ። እንዲያውም እንደደከመው ሰው ቁና ቁና ተነፈስኩ።

 ከማዶ የመጣው ግን የሴት ልጁ የዘይነብ ድምፅ ነው።

«እትዬ ጥሩዬ... አባባ የለም።»

«የት ሄደ?» አልኳት። እናንተዬ፣ እንዲህ ነው ያልኩት! መሞቱ በጭራሽ አልመጣልኝም። ሱብሂ ሰግዶ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀርቷል። በድሩና ጋደም ማለት! እስካሁንም አልዋጥልኝ ብሏል።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ እኔ ቢቸና አስተማሪ ነበርኩ፤ እሱ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ። እሱ ከወሎ፣ እኔ ከሸዋ ተመድበን መጥተን አንድ ግቢ ተከራየን። በድሩ ማለዳ ማለዳ ይሮጣል። ፈጣን እንዳይመስላችሁ! አህያ የጫኑ ገበያተኞች ይቀድሙት ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። በትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን ከተማሪዎቼ ጋር ተወዳድሮ፣ ከኋላው የቀረው እግሩን ወለም ያለው ተማሪ ብቻ ነው። ስንስቅበት «እኔ ሯጭ አይደለሁም፣ ተመላላሽ ነኝ» ይላል። በነጋታው ያው መንገዱ ላይ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ያኔ ቢቸና ላይ ትልቅ ሰው በማለዳ ከሮጠ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ወይ ሰው ታሟል፣ ወይ ቤት ተቃጥሏል፣ ወይ መርዶ ነው። የሚሮጠው ደግሞ ድሬሰሩ ሲሆን አስቡት! በመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ ከደጃቸው ሆነው አዩት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ተከተሉት። እሳቸውን ያየ ተከተለ፤ እነዚያን ያየ ደግሞ ተከተለ። በድሩ ዞር ሲል ግማሹ ከተማ ከኋላው ያለቅሳል።

«ማነው? ንገረን እንጂ ልጄ!»

«ማንም የለም እትዬ፣ ለጤናዬ ነው የምሮጠው።»

«ምነው፣ አሞሃል?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ደህና ሆነህ? ማንም ሳያባርርህ?» እትዬ የሻረግ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው ይህን ሁሉ እንባዬን ማን ሊመልስልኝ ነው?»

ሽማግሌዎች መጡበት። «ወይ ተራመድ፣ ወይ ተወው፤ ሰው አስደነገጥክ» አሉት። እሱ ግን ሌላ መላ ዘየደ። በየደጃፉ ሲያልፍ «ደህና ነው! ሁሉም ደህና ነው!» እያለ መጣራት ጀመረ። መጀመሪያ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸበት። ክረምቱ ሲወጣ ግን የማይመልስለት ደጃፍ አልነበረም። ጉንፋን ይዞት የቀረ ቀን እትዬ የሻረግ «ምነው ዛሬ ደህንነታችንን የሚነግረን ጠፋ?» እያሉ ትኩስ አጥሚት ይዘው ከች አሉ።

እኔንም ይጎተጉተኝ ነበር። «መምህርት፣ እስከ ወንዙ ብቻ፣ እየተጫወትን።» አፍሮዬን አበጥሬ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ የማደርግ ልጅ፣ ተማሪዎቼ ፊት ልሮጥ? «ከፋሲካ በኋላ» አልኩት። ከፋሲካ በኋላ «ክረምቱ ይውጣ» አልኩት። ክረምቱ ሲወጣ እሱ ወደ ሞጣ ተዛወረ። ዕቃውን መኪና ላይ ጭኖ «ሞጣም መንገድ አለ፤ ስትመጪ» ብሎኝ ሄደ።

(በነገራችን ላይ፣ ያኔ ከተማው «ድሬሰሩና መምህርቷ» እያለ ያማን ነበር። ውሸት ነው! የሞጣ ሠርጉ ላይ ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።)

እሱ እዚያው ወለደ፣ ጡረታ ወጣ፤ ሩጫውን ግን አልተወም። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ በመጽሔት ስለ ሰው ትዳር ስጽፍ ኖርኩ። በቅርብ ዓመታት እዚሁ ፌስቡክ ላይ አገኘኝ። ስኳር እንዳለብኝ ሲሰማ በየማለዳው መደወል ያዘ። «ወጣሽ?» ይላል፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። አንዳንዱን ቀን እውነትም ወጥቼ እስከ ነዳጅ ማደያው ዱብ ዱብ እላለሁ። ብዙውን ቀን ግን እንደ ዛሬው ነኝ።

በጥቅምት ሞጣ ልሄድና አብረን ልንሮጥ ተቀጣጥረን ነበር። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ለጥር አዛወርኩት። በጥር ደግሞ የእህቴ ልጅ ሠርግ መጣ። «ግድ የለም፣ ሞጣ እንደሆነች እዚሁ ናት» አለኝ። ቅር እንዳለው ግን ከድምፁ ያስታውቅ ነበር። ሞጣማ እዚያው ናት።

ዘይነብ ዛሬ ምን ነገረችኝ መሰላችሁ? «አባባ እኮ ለእርስዎ ብሎ አጭር መንገድ መርጦ ነበር፤ ዳገት የሌለው። ጉልበቷን ያማታል እያለ ሰሞኑን በዚያ ነበር የሚሮጠው።»

ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቀረሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ማለዳ፣ አንዲት ማለዳ አጥቼ ነው?

ቀብሩ ዛሬ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ሞጣ ብበርም አልደርስም። ሁልጊዜ ሲጠብቀኝ የኖረው ሰው ዛሬ አልጠበቀኝም።

በድሩ ወንድሜ፣ ደህና ሁን። አላህ በጀነቱ ይቀበልህ። ያቺን መንገድ አብሬህ አልረገጥኳትም፤ ይህን የሚክስ ነገር የለኝም። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እነሳለሁ። ከነገ ወዲያ ማለዳ፣ ለቅሶ ቤቱ ሰው ሳይሞላው፣ ዘይነብ መንገዷን ልታሳየኝ ነው። ልሩጣት፣ ልራመዳት፣ ወይ መሀሏ ላይ ቁጭ ብዬ ላልቅስ አላውቅም። የቱ እንደሆነ ግን ወዳጆችህም እንዲሰሙ እዚሁ እጽፍልሃለሁ።