አባ ሰንጋን በአያት ስም መፈለግ

አለቃዬ ጥሩ ሰው ነው የሚሉ አሉ። ይበሉ! እኔ ግን ያደረገውን ሳስታውስ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

የአጎቴ በሬ ከወገዳ ከተማ ማዶ አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራይ ድንገት ተንገዳግዶ ወደቀ። በእኛ አገር በክት አይበላም፤ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ቢላ ከደረሰለት ግን ሥጋው ንጹሕ ነው። እናም ተሯሩጠው አረዱት። ባለበሬው ጨርሶ እንዳይጎዳ ጎረቤት ሥጋውን ተቃርጦ ወሰደ፤ ደግ ልማድ ነው። ደሙ ግን ጥቁር ነበር፣ አልረጋም አለ። አጎቴ ግራ ቢገባቸው ደወሉልኝ።

"አባ ሰንጋ እንዳይሆን። ተመርምሮ ውጤት እስኪመጣ ማንም እንዳይቀምስ" አልኋቸው።

ቃሌን አከበሩ። እየዞሩ ጎረቤቱን ለመኑ። ሚስታቸው፣ እኔን እንደ ልጃቸው ያሳደጉኝ ሴት፣ ሥጋውን ዘልዝለው ቋንጣ ሰቀሉት። "የተማረ ዘመድ ያለው ሥጋ ሰቅሎ ሽሮ ይበላል" እያለ መንደሩ ሲያሾፍባቸው እየሳቁ ቻሉት።

የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ከበሬው ወስዶ የላከው ደም እኔ ከምሠራበት ቤተ ሙከራ ደረሰ። ሥራዬ ሕይወት ያለው ሁሉ የሚጋራውን የራይቦዞም አርኤንኤ ዘረመልን እያነበብሁ ፍጥረትን ከፍጥረት ማመሳከር ነው። ይህ ዘረመል የሚለወጠው እጅግ ቀስ ብሎ ነው፤ ስለዚህ የሩቅ ዘመዳሞችን፣ ሰውንና ገብስን ሳይቀር፣ ለማዛመድ ወደር የለውም። በጣም የቀረቡትን ግን አይለይም። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያና በየማሳው አፈር ውስጥ የሚኖረው፣ ከብት የማይገድለው የቅርብ ዘመዱ በዚህ ሲነበቡ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

አለቃዬ ንባቡን አየት አደረገና "የአፈር ባክቴሪያ ነው። ደህና ነው በላቸው" አለ።

"ኧረ በማርያም! በአያት ስም ብቻ ከአንድ ቤት ልጆች ሌባውን ይለያሉ? የመርዙን ዘረመል እንይ እንጂ!"

"የሱ ኬሚካል አልቋል። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሕዝብ አናስጨንቅም።"

ሕዝብ አናስጨንቅም! ሕዝቡ እንደሆነ ሥጋውን ሰቅሎ በትዕግሥት እየጠበቀ ነው፤ የቸኮለው እሱ! እኔ እየተሟገትሁ ስልኩን አንሥቶ ለወረዳው ደወለ። እኔ ወደ አጎቴ ብሞክር ብሞክር ኔትወርክ የለም። በማግስቱ ሳገኛቸው በደስታ አዋሩኝ።

"ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ደህና ነው ተብሎ ተነገረን እኮ! ዛሬስ ከሐሜት ወጣን። እሷም ቋንጣውን ሠርታ አበላችን።"

"ይጣሉት! አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂዱ!" ብዬ ጮህሁ።

"ምን ነካህ ልጄ? የመንግሥት ሰው ነው እኮ የነገረን" አሉኝ።

ሚስታቸውን የሆድ ሕመም ጣላቸው፤ ሳልደርስላቸው አረፉ። አጎቴም የበሬውን ቆዳ የገፈፉበት እጃቸው ጥቁር ቁስል አወጣ፤ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ወስጄ አሳከምኋቸው። አለቃዬ ለቅሶ ሊደርሰኝ ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ዘረመሉ እኮ አልተሳሳተም።" ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

የአጎቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም አስረዳኋቸው፦ ዘረመሉ ምን እንደማይለይ፣ እኔ እንዴት እንደተሟገትሁ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ። በቁጣ ተናገርሁ። እጃቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ እስክጨርስ ሰሙኝ።

"እናንተ ጠብቂ ስትሏት ጠበቀች፤ ብዪ ስትሏት በላች" አሉኝ።