ቱቦ ይዞ የተናገረው

ባለፈው ሳምንት ቡልጋሪያ አካባቢ አንድ ካፌ ገብቼ፣ ማኪያቶ ይዤ ዝናቡ እስኪያባራ እጠብቅ ነበር። ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ወጣቶች ተቀምጠዋል። መሐላቸው ወረቀት፣ እርሳስና ሃያ ፊት ያለው ሰማያዊ ዳይስ አለ። አንደኛው ዳይሱን ወርውሮ «በቃ ሞትኩ!» ሲል ሌሎቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ታብሌት ላይ አቀርቅራ የሆነውን ሁሉ ትሥላለች። «ማክሰኞ ፖስት አደርገዋለሁ፤ አታስብ፣ ፊትህን አሳምርልሃለሁ» አለችው።

እኔ አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ በታሸገ ውኃ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ዲዛይን በማድረግ የምኖር ሰው ነኝ። ከወጣቶች ጋር ጠብ የለኝም። ያን ቀን ግን ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። ነገርን ነገር ያነሣዋል። እኔም በእሷ ዕድሜ የጓደኛዬን ፊት አሳምሬ ሥዬ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ካዛንቺስ ነው። አሁን ሰፈራችን የለም፤ ቤታችን የነበረበት ቦታ ሰፊ መንገድና ሣር ሆኗል። አንዳንዴ በዚያ ሳልፍ የማን ግቢ የት እንደነበር ለመገመት እሞክራለሁ፤ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል። የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ሃያ ምናምን ዓመት የኖርኩበት ቦታ ነው።

አራት ጓደኛሞች ነበርን፦ ራሄል፣ ከድር፣ ናትናኤልና እኔ። ራሄል አንድ የእንግሊዝኛ የጨዋታ መጽሐፍ ከኢንተርኔት አውርዳ ፕሪንት አስደረገች። ከአርባኛው ገጽ በኋላ ያለው አልከፈት ስላለ የቀረውን ሕግ ራሳችን አወጣነው። ጨዋታውን ለማያውቅ እንዲህ ነው፦ አንዱ ተራኪ ይሆንና «ከተራራው ሥር በር አለ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የፈጠሩትን ሰው ሆነው ይመልሳሉ። ያሰቡት ይሳካ እንደሆነ የሚወስነው ዳይስ ነው። ሃያ ፊት ያለው ዳይስ በዚያ ጊዜ ከየት ይመጣል? ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ጠቅልለን ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ከተትናቸው፤ እንደ ዕቁብ ዕጣ እየነቀነቅን እናወጣ ነበር። ቁጥሩ ከፍ ካለ ተሳካ፣ ዝቅ ካለ አልተሳካም። የከድር እናት አንድ ቀን አይተውን «የምን ዕቁብ ነው ይሄ፣ በየአምስት ደቂቃው የሚወጣ?» ብለው ስቀውብናል።

የምንጫወተው እሑድ ከሰዓት፣ ላንቻ ባለው የከድር አጎት የቧንቧ ዕቃ መደብር ውስጥ ነበር። እሑድ ስለሚዘጋ ቁልፉን ለከድር ይተዉለታል። ካርቶን ላይ እንቀመጣለን። ከድር ከቤቱ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ያመጣል፤ ዝናብ ሲሆን ጣሪያው ስለሚጮህ እየተጯጯህን ነበር የምንጫወተው። ከመሬት ያነሣነው ክንድ የማይሞላ ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ ነበረን። በፈጠረው ሰው አፍ መናገር የሚፈልግ ቱቦውን ይይዛል፤ ሲያስቀምጠው ራሱን ይሆናል። ይህን ሕግ ያመጣው ከድር ነው። ራሄል በጨዋታ መሐል «ሌባ» ስላለችው ሳምንት ሙሉ ተኳርፈው ነበርና ሲታረቁ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቱቦ ይዞ የተናገረው አይጠየቅበትም» ብሎ ደነገገ። ተስማማን። ጨዋታው ካለቀም በኋላ ቱቦ ተይዞ የተባለ ነገር አይነሣም።

የእኔ ድርሻ ሥዕል ነበር። እሑድ የተጫወትነውን እስከ ሐሙስ በሥዕል ታሪክ አወጣዋለሁ፤ ዓርብ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ስካን አስደርጌ ፔጃችን ላይ እለጥፈዋለሁ። «የሸንበቆ በር» ነበር ስሙ። ገጸ ባሕሪዎቹን በጓደኞቼ መልክ፣ ዕቃዎቹን ደግሞ ከሰፈሩ እያየሁ ነበር የምሥለው። የንጉሡ ዙፋን የእኛ ቤት ሶፋ ነው። የጠንቋዩ ድስት የጎረቤታችን ጎድጓዳ ሳህን ነው፣ ፍንክቱ ሳይቀር። ራሄል «አንተ እኮ ሰውን አይደለም የምታየው፣ ዕቃውን ነው» ትለኝ ነበር። እኔ ምስጋና መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ናትናኤል ከአራታችን ዝምተኛው ነው። ቤታቸው ከእኛ ሁለት ግቢ ይርቃል። እናቱ እትዬ ዘነበች በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እየሠሩ እሱንና ታናሽ እህቱን ቤቲን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ናቲ ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ነበር፤ ሰፈሩ ገና ሳይመረቅ «ኢንጂነሩ» ይለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጫማውን ወልውሎ፣ ምሳ ዕቃውን በእጁ ይዞ ሲወጣ ሁሉም ያየዋል። የምሳ ዕቃው መያዣ ስለተሰበረ እትዬ ዘነበች ከጎሚስታ ቤት ባመጡት ጥቁር የከመነዳሪ ላስቲክ ሁለት ዙር አሥረውለታል።

በሚያዝያ ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ በመስቀል አደባባይ ሳልፍ ናቲን አየሁት። ጠዋት የሚለማመዱት ሯጮች ሄደው አልቀዋል። ደረጃው ላይ ብቻውን፣ ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አያነብም፣ ስልክም አይነካካም። ሐሙስ ስመለስ ከሰዓት በኋላ እዚያው አየሁት። በሚቀጥለው ሳምንትም። ትምህርት ያልተዘጋበት ወቅት ነው። ምን እንደሆነ ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም ነበር። ወርጄ «ምን ሆነህ ነው?» ማለት እችል ነበር፤ አላየሁም ብዬ አለፍኩ። እሑድም ስንገናኝ አላነሣሁበትም። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ፣ እንዳላሳፍረው ብዬ ነው የምል ይመስለኛል።

በዚያ ሰሞን በአንዱ እሑድ፣ ተራኪ የነበረችው ራሄል ለመሸጋገሪያ ያህል ናቲን አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። የናቲ ገጸ ባሕሪ ሥራ ፈት ዘበኛ ነው።

«ዘበኛው፣ አንተ ለምንድን ነው የንጉሡ ጦር ውስጥ የሌለኸው?» አለችው።

ናቲ ቱቦውን አነሣ።

«ከጦሩ ከተባረርኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው» አለ። «እናቴ አታውቅም። ጠዋት የብረት ጥሩሬን ለብሼ፣ ስንቄን ይዤ እወጣለሁ። ወንዝ ዳር እቀመጣለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ እመለሳለሁ። እንዴት ዋልክ ትለኛለች፤ ደህና እላታለሁ። የሚከብደው መዋሸቱ አይደለም። ስንቁን መብላቱ ነው።»

ከዚያ ከድር ማጨብጨብ ጀመረ፤ «ኧረ አንተ ሰውዬ! አክተር ነህ እኮ በቃ!» እኛም ተከተልን። ናቲ ፈገግ አለ፤ ቱቦውን ግን አላስቀመጠም።

«እና አሁን ዘበኛው ምንድን ነው የሚፈልገው?» አለች ራሄል።

«እንጃ። መጥቶ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ሰው።»

«እሱን በዕጣ እናየዋለን» ብላ ቆርቆሮውን ነቀነቀችና አንዷን ወረቀት አወጣች። ሦስት ነበር። «ማንም አልመጣም» አለች። ጨዋታው ቀጠለ፤ ናቲም ቱቦውን አስቀምጦ ድንች በላ።

እኔ ግን ቤት እንደደረስኩ ሳልቀመጥ እርሳስ አነሣሁ። ይህን በግልጽ ልበል፤ ያጣደፈኝ ሐዘን አይደለም፣ ደስታ ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ እጄ ገብቶ አያውቅም። እውነት መሆኑንም አውቄአለሁ። ወንዙን፣ ጥሩሩን፣ ጎንበስ ያለውን ፊት ሣልኩ። ጭኑ ላይ በከመነዳሪ ላስቲክ ሁለት ዙር የታሠረ ምሳ ዕቃ ሣልኩ። ጥሩር የለበሰ ሰው ምሳ ዕቃ መያዙ የሚያምር መስሎኝ ነበር፤ ያምርም ነበር።

ሐሙስ ራሄል ገጾቹን አየቻቸው። ከመጀመሪያው እንደገና ካገላበጠች በኋላ፣

«ሳሚ፣ ይሄ ነገር... ማለቴ፣ ናቲን ጠይቀኸዋል?» አለችኝ።

«ቱቦ ይዞ የተናገረው አይጠየቅበትም» አልኳት።

«እሱ እኮ እዚያ እኛው መሐል ነው። ለፔጁ ነው እንዴ ሕጉን ያወጣነው?»

«የተናገረው ዘበኛው ነው፤ ናቲ አይደለም።»

ገጾቹን መልሳ ሰጠችኝ። እኔም ዓርብ ለጠፍኩት።

እስከዚያ ቀን የእኛን ሥዕል የሚያየው የምናውቀው ሰው ነበር። ይሄኛውን ግን የማናውቃቸው ሰዎች ይቀባበሉት ጀመር። «እኔም እንደዚህ ነበርኩ» የሚሉ ነበሩ። ቅዳሜን ሙሉ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ አስተያየት ሳነብ ዋልኩ፤ ምሳም አላማረኝም። ናቲ ምንም አልጻፈም፤ እኔም ያየው ይሆን ብዬ አላሰብኩም።

እሑድ ምሳ ላይ ቤቲ ስልኳን ለእናቷ አሳየች፤ «እማ፣ ናቲን ሥለውታል፣ እይው!» የሆነውን ሁሉ በኋላ የነገረችኝ እሷው ናት። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ስቀው ነበር። ከዚያ ምሳ ዕቃውን አዩት። «መነጽሬን አላደረግሁም፤ የሚለውን አንብቢልኝ» አሏት። አነበበችላቸው። ናቲ እኛ ጋ ሊመጣ ጫማውን እያሠረ በር ላይ ነበር። ምንም አላሉትም። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ዩኒቨርሲቲው ሄዱ፤ እዚያም ስሙ ከዝርዝሩ ከወጣ ዓመት ሊሞላው እንደሆነ ነገሯቸው።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ናቲ ወደ ግቢያችን መጣ። አልገባም፤ በር ላይ ቆመ።

«እናቴ አወቀች» አለኝ።

«እንዴት?» አልኩ፤ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አልነበረም።

«ምሳ ዕቃውን አይታ።»

«ናቲ ሙት፣ እኔ እኮ እውነት አልመሰለኝም።»

አየት አደረገኝ። ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«መስቀል አደባባይ ታክሲ ውስጥ ሆነህ አይተኸኛል፤ እኔም አይቼሃለሁ» አለ። «ስላየኸኝ እኮ ነው እዚያ የተናገርኩት። አንዳችሁ ታነሡታላችሁ ብዬ።» ከዚያ፣ «ሥዕሉ ግን ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት ከቤት ወጣ፤ አልተመለሰም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከመተማ ደውሎ ለእናቱ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» አላቸው። ድንበሩን ሊሻገር እንደሆነ አልደበቃቸውም፤ ሠርቼ ከፊትሽ ቀና ብዬ እቆማለሁ ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሱዳን ይቅር፣ በረሃው ይዋጠው፣ ባሕሩ፣ የሚያውቅ የለም። እትዬ ዘነበች ብዙ ሰው እየመከራቸው ተዝካሩን አላወጡም።

ፔጁን ዘጋሁት። ገጾቹ ግን ቀድመው በየሰው ስልክ ገብተዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእርሳስም እንደዚያው ነው። መደብሩ ውስጥ ዳግመኛ አልተገናኘንም። ራሄል አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ «ጠይቀው ብዬህ ነበር» አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ «እኔስ ራሴ ለምን አልጠየቅሁትም?» ብላ አለቀሰች። ከእትዬ ዘነበች ግን እስካሁን ድረስ ስሸሽ ኖሬአለሁ። ለቅሶ ቤት ካሉ ከውጭ ድንኳኑ ጫፍ እቀመጣለሁ፤ በዓል ሲሆን በስልክ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ መራቃቸው እንዳቀለለልኝ አልክድም።

ያን ቀን ከካፌው ወጥቼ ዝናቡ እያበሰበሰኝ ለቤቲ ደወልኩላት። በማግስቱ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው። እትዬ ዘነበች አርጅተዋል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙም አይወርዱም። ስመውኝ፣ «ሳሚዬ፣ ጨርሶ ጠፋህ እኮ» ብለው ምስር ወጥ አቀረቡልኝ። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ቤቲ ዕቃ ልታጥብ ስትነሣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ሁሉ ዓመት ሆዴ ውስጥ ያለ ነው። ያንን ያወጣኸውን ነገር እሱ ራሱ ነው የነገረህ፣ ወይስ ከራስህ ነው ያመጣኸው?»

የምሸሽበት አልነበረኝም።

«እሱ ነው፣ እትዬ። ለሦስታችንም ነው የነገረን።»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲከፍቱት እንባ ሞልቶታል።

«ተመስገን» አሉ። «እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ለአንድ ሰው ሳይተነፍስ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ተሸክሞት ነበር እያልኩ ነው። ሰው ነበረው ማለት ነው። ጓደኞች ነበሩት።» እጄን ያዙኝ። «ታዲያ ሲነግራችሁ ምን አላችሁት፣ ልጄ?»

እውነቱን ልናገር አስቤ ነበር። እምላለሁ።

«አይዞህ አልነው» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጣችሁ» አሉኝ፤ እጄን ሁለቴ ሳሙት።

ለእሳቸው ብዬ እንደዋሸሁ አድርጌ ራሴን ማጽናናት እችል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሞክሬአለሁ፤ አልሆነልኝም። እንዲያው ስታስቡት «አይዞህ» ምን የሚከብድ ቃል ነው? መንገድ ላይ እግሩ ለተደናቀፈ፣ ስሙን ለማናውቀው ሰው ሁሉ ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል። እሱ ግን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ እየጠበቀን፣ እኛ አጨበጨብንለት።