ሽታው የወጣለት ፕላስቲክ

«እመት ድኝ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ ብሎ እስከ ዛሬ ያመነ ሰው የለም። እሷ እንደሁ ከተቋማችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድኝ ያለባቸውን ፈሳሾች ስትቀምም የኖረች የቤተ ሙከራ ባለሙያ ናት። ሽታቸው የበሰበሰ ሽንኩርትና የተቃጠለ ጎማ ተጋብተው የወለዱት ነው። አንድ ቀን አማቷ ሊጠይቋት መጥተው፣ ከሥራ ስትገባ በር ላይ ቢያገኟት፣ ጋዝ ፈሰሰ ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አስወጡ። ልብስ ሰፊው ባሏ «እኔ ለምጄዋለሁ» ይላል። የለመደ ሰው ግን የሚስቱን ጋዋን በዱላ ጫፍ አንጠልጥሎ በረንዳ ላይ አያሰጣም።

እኔ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ ኬሚስትሪ አላውቅም። እሷ ናት ያስረዳችኝ።

«ካርቦን ቀለበት ሠርቶ ይቀመጣል። እንደ ኩሩ አባወራ ነው፣ ንቅንቅ አይልም» አለችኝ። «አንዱን ቀለበት ከሌላው የሚያገናኙት እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ድኞች ናቸው። ሐምራዊ መብራት ሲያርፍባቸው ይላቀቁና ያገኙትን የጎረቤት እጅ ይይዛሉ።»

«ታማኝነት የላቸውም በይኛ!»

«የላቸውም። የሚጠቅሙትም ለዚሁ ነው።»

ከእንዲህ ዓይነት ነገር የተሠራ ፕላስቲክ ሲቆረጥ፣ ጫፍና ጫፉን አጋጥመው መብራት ሥር ካስቀመጡት፣ ድኞቹ ከወዲያና ከወዲህ ተያይዘው ቁስሉን ይደፍኑታል። የሚያፈስ የውሃ ታንከር መለጠፊያ ይሆናል ተብሎ ነበር የታሰበው። ግኝቱ የማን ነው? የዶክተሩ ነዋ! የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ፎቶ ለመነሣት፣ ወደ ቤተ ሙከራው ጎራ ይሉ ነበር።

የተቋሙ ዋና ሥራ አስኪያጇ ከፋብሪካ ባለቤቶች ጋር ሊጎበኙ ነው በተባለ በሁለት ሳምንቱ፣ ዶክተሩ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ገቡ።

«ይሄ ሽታ ክቡራን እንግዶችን ያስቀይማል። ድኙን አውጪና በሌላ ነገር ተኪው።»

«ዶክተር፣ ድኙ ከወጣ እኮ የሚድን ነገር የለም።»

«ቀለበቱ አለ አይደል?»

«ቀለበቱማ አለ። እጅ የለውም እንጂ።»

«አንቺ የታዘዝሽውን ሥሪ። ሳይንሱን ለኔ ተይው።»

ሳይንሱን ተወችላቸው። ያዘዙትን ጠፍጣፋ ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ ሽታ የማያውቅ አድርጋ ሠራችው፤ ትእዛዙንም በሥራ መዝገቧ ጽፋ አስፈረመቻቸው። እሳቸው ሳያነቡ ፈረሙ፤ ትልቅ ሰው ያነባል እንዴ? እሷ ግን በዚያው ቀን የጥንቱን፣ ድኝ ያለበትን፣ አንድ ጨምራ ሠርታ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ዘግታ አመጣችልኝ። «ደብቅልኝ» አለችኝ። ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታለች። እኔም ፈርቼ ነበር፤ የእኔ ፍርሃት ግን በይበልጥ ክዳኑ እንዳይከፈት ነበር።

እንግዶቹ መጡ። ዶክተሩ ስለ ቁስልና ስለ ፈውስ ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ከዚያ ፕላስቲኩን በምላጭ ለሁለት ቆረጡት፣ አጋጥመው በመቆንጠጫ አሰሩት፣ መብራቱን አበሩ። ሁላችንም አርባ ደቂቃ ጠበቅን። «እንግዲህ ይመልከቱ!» ብለው መቆንጠጫውን ሲፈቱት ግማሹ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ግማሹ የሥራ አስኪያጇ ጫማ ላይ አረፈ።

ዶክተሩ ዞር ብለው «ባለሙያዋ ቅመማው ላይ ተሳስታለች» አሉ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ማለት ይኼ ነው።

እሷ ጸጥ ብላ የምትቀር መስሎኝ ነበር። ግን መዝገቡን ገልጣ ለሥራ አስኪያጇ ሰጠቻቸው።

«አልተሳሳትኩም እመቤቴ። ድኙን አውጪ ተባልኩ፣ አወጣሁ። ፊርማው ይኸውና።»

ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ እሳቸው ያነባሉ። «ድኝ ያለበትስ አለ?» ሲሉ እኔ አላስጨረስኳቸውም፣ ሮጬ ቆርቆሮውን አመጣሁ። ክዳኑ ሲከፈት ከባለፋብሪካዎቹ አንዱ ስልክ እንደተደወለለት ትዝ ብሎት ወጣ። የቀሩት አፍንጫቸውን ይዘው ቆሙ። እመት ድኝ ራሷ ቆረጠች፣ አጋጠመች፣ አበራች። እንደገና አርባ ደቂቃ! ሥራ አስኪያጇ ፕላስቲኩን በሁለት እጃቸው ጎተቱት፤ እንቢ አለ። ከባድ የእጅ ቦርሳቸውን አንጠለጠሉበት፤ ንቅንቅ አላለም።

«ምን እናድርግልሽ ልጄ?»

«አየር መሳቢያ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ እየጠየቅሁ ነው።»

«እኔም ሳስብበት ነበር» አሉ ዶክተሩ።

አየር መሳቢያው በወሩ ተተከለ። ስለ ፕላስቲኩ የተጻፈው ጥናት ሊታተም ሲል ግን ረቂቁ ላይ ስሟ አልነበረም፤ «ለተባበሩን ሠራተኞች ሁሉ» የሚል ምስጋና ብቻ ነበር ያለው። የዶክተሩ ቢሮ ገብታ ጠየቀች።

«ቦታ ጠቦ ነው» አሏት።

«የርስዎን ማዕረግ ትንሽ ብናሳጥረው ቦታ አይወጣም?»

ዶክተሩ፣ ሥራ አስኪያጇ ጉዳዩን ሊሰሙ እንደሚችሉ ሲገባቸው፣ ቦታው ሰፋ። ስሟ ከዶክተሩ ቀጥሎ፣ ሁለተኛ ሆኖ፣ ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ታተመ። ያን ቀን ግምጃ ቤቴ ገብታ ካርቶን ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔም አዲስ ጓንት ሰጠኋት።

ባሏ የጥናቱን የመጀመሪያ ገጽ በመስታወት አሠርቶ ከስፌት መኪናው በላይ ሰቅሎታል። ልብስ ሊለኩ የቆሙ ደንበኞች አንገታቸውን አስግገው ያነቡታል፤ እስከ ዛሬ የገባው አልተገኘም። እሱ ግን የሜትሩን ጫፍ ወገባቸው ላይ እንደያዘ ስለ ድኝ ጠባይ ያብራራላቸዋል፤ ግማሹን ተሳስቶ፣ በሙሉ ልብ።